ከራስል ጎተራ የወጣው ተጎታች ቤት

ዌንደል ሃፓላ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቁጭ ማለት አልሆነለትም። ጣሪያውን ጠገነ፣ የጎረቤት አጥር አቆመ። የሚስቱን የቬርናን የወጥ ቤት መደርደሪያ ደህና የነበረውን ፈታትቶ መልሶ ሲገጥም ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

"አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሥራ ፈልግ ወይ እኔ ልውጣልህ።"

ፈለገ። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ከመንደራቸው ሰው ከራስል ኒሚ ጎተራ አንድ አሮጌ ተጎታች ቤት እየጎተተ መጣ። በመኪና ተስቦ ሐይቅ ዳር የሚታደርበት፣ ጣሪያው ጎበጥ ያለ፣ ቆርቆሮው ላይ ቢጫ መስመር የተሰመረበት ነው። እነሱ ልጆች ሳሉ የተሠራ። ራስል ራሱ በትራክተሩ ከጎተራው አወጣለት፤ ስለ ዋጋ ሲጠየቅ እጁን አወናጨፈ።

"ውሰደው፣ ቦታዬን ነው የያዘብኝ።"

"የወንድምህ አልነበረም እንዴ?" አለች አብራ የሄደችው ቬርና።

"ነበረ" አለና ሰንሰለቱን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ያወራው ስለ ዝናቡ ነው።

በሩን ሲከፍቱ ውስጡ እንዳለ ነበር። ሁለት ኩባያ መንጠቆ ላይ ተንጠልጥሏል። የአልጋው ብርድ ልብስ በሁለቱም በኩል ተገልጧል፣ ሁለት ሰው ገና አሁን ተነስቶ የሄደ ይመስል። ቬርና ደስ አላላትም፤ ብርድ ልብሱን በሁለት ጣቷ ይዛ አውጥታ ጣለችው።

ዌንደል ግን ሥራ አገኘ። ቆርቆሮውን ሲያነሳ ከሥሩ ያለው እንጨት በጣቱ ተፈረፈረ። የበሰበሰውን እያወጣ አዲስ ቆረጠ፣ አዲስ ኮምፔርሳቶ ለበጠ፣ የሚያፈሰውን የቆርቆሮ መጋጠሚያ ደፈነ። ከሁሉ ያስደሰተው በጋዝ ነበልባል የሚሠራው ትንሽ ፍሪጅ ነው። ሲለኩሰው ነበልባሉ ያዘ፣ ሲነጋም ቢራው ቀዝቅዞ አገኘው።

"እዪ እንግዲህ፣ ከእኔና ካንቺ ይሻላል" አላት።

ብርድና ዝናቡ ሲጠና በሩንም መስኮቱንም ዘግቶ ውስጥ ይውል ጀመር። ማታ ማታ ግንባሩን ይዞ ይገባል። "የቫርኒሹ ሽታ ነው" ይላል። ከዚያ መርሳት መጣ። ካቻቢቴው ከዳቦው መሳቢያ ተገኘ። አንድ ቀን ቬርናን በሞተች እህቱ ስም ጠራት። ሌላ ቀን ግቢው መሀል ቆሞ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ የጠፋበት መስሎ አየችው። አባቱ በመጨረሻው ዘመኑ የገዛ ልጆቹን "የማን ናችሁ?" ይል ነበር። ሁለቱም ያንን ያስታውሳሉ፤ ሁለቱም አያነሱትም።

እሁድ እሁድ ልጃቸው ቤት ሲሄዱ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ካርታ ይጫወታል፣ ያሸንፋል፣ አማቹ ላይ ያሾፋል። ሰኞ ማታ ፊቱ ተመልሶ አመድ ይመስላል።

"እሁድ ምን ሆነህ ነው ደህና የምትሆነው?"

"ስለማልሠራ ነዋ። አርጅቻለሁ ቬርና፣ ሌላ ምንም አይደለም።"

አንድ ከሰዓት በኋላ ቬርና ከራስል ጋር ሱቅ ውስጥ ተገናኘች። "ዌንደል እንዴት ነው?" አላት።

"ራሱን ያመዋል። ይረሳል።"

ራስል የያዘውን ቅርጫት መሬት አስቀመጠ። "ፍሪጁን ለኩሶታል?"

"ለምን ትጠይቀኛለህ?"

"ወንድሜና ሚስቱ ሐይቁ ዳር እዚያ ውስጥ ተኝተው ነው የቀሩት። ሰው ሁሉ የበሉት ምግብ ነው የገደላቸው አለ። እኔ ግን..."

ቀሪውን አልሰማችም። ዕቃዋን ጥላ ወደ መኪናዋ ሮጠች። መንገዱ ያንን ቀን ረዘመባት።

ዌንደል ተጎታቹ ውስጥ ወለሉ ላይ ቁም ሳጥኑን ተደግፎ ተቀምጧል። ብሩሹ እጁ ላይ ደርቋል። ጉንጩ እንደ ሕፃን ቀልቷል፤ ከሁሉ ያስፈራት ያ ጤነኛ የሚመስል መልኩ ነው። ከባድ ሰው ነው። ብብቱ ሥር ገብታ ጎተተችው፣ እግሩ በሩ ላይ ተያዘ፣ እንደገና ጎተተችው። እርጥቡ ሣር ላይ ሲወድቅ አቃሰተ። ያኔ ነው በሕይወት መኖሩን ያወቀችው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ከፍሪጁ የወጣ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ መሆኑን ነገራት። "ነበልባሉ በደንብ ስላልነደደና የጭስ መውጫው ስለተደፈነ ነው፣ እትዬ። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ አያገኟቸውም ነበር።"

ራስል ተከትሏቸው መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር።

"ለምን አልነገርከንም?" አለችው።

"ከነገርኩ ማን ይወስድልኛል? ከዓይኔ እንዲጠፋልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።"

"እንግዲያው መጥተህ ፍሪጁን በገዛ እጅህ ታወጣዋለህ።"

መጣ። ፍሪጁን ነቅሎ አወጣና ማንም ዳግመኛ እንዳይለኩሰው ቧንቧውን በመዶሻ ቀጠቀጠው። ከዚያ የተጎታቹ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ስለ ወንድሙ ሲያወራ ዋለ፤ ቬርና ይቅር አላለችውም፣ ግን ሂድም አላለችውም።

ዌንደል ተረፈ። ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንድ ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ይጠፋበታል። ቬርና ተጎታቹን እናቃጥለው አለች፤ እሱ እምቢ አለ። የቀረውን ቫርኒሽ የቀባችው እሷ ናት፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ።

በበጋው ተጎታቹን ሐይቁ ዳር ወሰዱት። ከምሳ በኋላ ዌንደል ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። ቬርና መስኮቱን ሁሉ ከፍታ በሩ ላይ ወንበር አስቀመጠች፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየች ተቀመጠች። አንዴ የቆመ መስሏት ብድግ አለች።

"አንቺ አልተኛሽም?" አላት ሲነቃ።

"ትንኙ መች ያስተኛል" አለችው።