ዮናስን የዋጠው የትኛው ነው?

የነነዌ ጾም በገባ ቁጥር ሌላው ሰው ኃጢአቱን ያስባል፤ እኔ የዓሣ ነባሪ ጥርስ አስባለሁ። ዘንድሮም ልጄ ስልኬን ነጥቃ፣ አፉን በርግዶ የሚዋኝ አንድ ግዙፍ እንስሳ እያሳየችኝ «እማ፣ ይሄኮ ጥርስ የለውም» አለችኝ። «አውቃለሁ፤ በእሱ የተነሳ ዜሮ አግኝቻለሁ» አልኳት። ቀልድ መሰላት።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነበር። አባቴ የመጻሕፍት መምህር ናቸው። ግቢያችን ካለው ጽድ ሥር ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው፣ አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እያሉ ሲፈቱ ይውላሉ። አንዱ ፍቺ ሌላውን አይሽርም፤ ተማሪው ሁለቱንም በቃሉ ይይዛል። ጌሾ እየወቀጥኩ ስሰማ ስላደግኩ፣ ዓለም በሙሉ እንደዚያ የሚፈታ ይመስለኝ ነበር። የሳይንስ አስተማሪያችን ጋሽ ታደለ ግን ከሁለት መልስ አንዱ የግድ ስህተት ነው የሚል ሰው ነበር። አባቴ ደግሞ «ከክፍልሽ አንደኛ ከወጣሽ ማርቆስ ከተማ አክስትሽ ዘንድ ሄደሽ ትማሪያለሽ፤ አለዚያ እዚሁ እናትሽን ታግዣለሽ» ብለውኛል። ሌላ ነገር አልመኝም ነበር፤ ማርቆስን ብቻ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን፣ በነነዌ ጾም ሰሞን ጋሽ ታደለ ስለ ዓሣ ነባሪ አስተማረን። ዓሣ አይደለም፤ አየር ይተነፍሳል፣ ልጁን ያጠባል፣ ወገኑም ሁለት ነው። አንደኛው ባለ ጥርስ ነው። አናቱ ላይ አንድ መተንፈሻ ቀዳዳ አለው፤ ጨለማ ውኃ ውስጥ ድምፅ እየለቀቀ፣ የገደል ማሚቶውን እየሰማ ያድናል። ሁለተኛው ጥርስ አልባ ነው። ቀዳዳው ሁለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአካልም ይበልጣል። ከላይኛው መንጋጋው እንደ ዘርፍ የተንጠለጠለ ነገር ስላለው፣ ውኃውን ጎርሶ በዚያ እያጠለለ ጥቃቅኑን እንስሳ ያስቀራል። እቤት ገብቼ ለእናቴ ብነግራት «ጠላ አጥላይ ነዋ» ብላ ሳቀች። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት?

አባቴ ሰሙ። «እንግዲያው ዮናስን የዋጠው ጥርስ የሌለው ነው። አንድ ጭረት ሳይነካው ነው የወጣ። ለመምህርሽ ንገሪው» አሉ። በማግስቱ ነገርኩት። «የጥርስ አልባው ጉሮሮ ጠባብ ነው፤ ሰው አያሳልፍም። ሊውጥ የሚችል ባለ ጥርሱ ነው፤ ጥርሱ መያዣ እንጂ ማኘኪያ አይደለም፣ ያገኘውን እንዳለ ነው የሚውጥ። ለየኔታ ንገሪያቸው» አለኝ። ነገርኳቸው። «ጉሮሮውን ማስፋት ለፈጠረው ይከብደዋል?» አሉ። ይህንንም አደረስኩ። «ጉሮሮ ማስፋት ካልከበደው ጥርስ መከልከልስ ይከብደዋል?» አለኝ።

ከግቢያችን ድንጋይ ቢወረውሩ ትምህርት ቤቱ ይደርሳል፤ ሁለቱም እግር አላቸው። ግን አባቴ ሕፃናት መሀል ገብቼ አልከራከርም አሉ፤ ጋሽ ታደለም የኔታ ፊት ቆሜ አልመልስም አለ። ስለዚህ እኔ፣ በጾም አፌ ደርቆ፣ የማላውቀውን ፍጥረት ጉሮሮ ወዲያና ወዲህ አመላልሳለሁ። እህል ስቀምስ እንኳ ሽሮው የክርክር ሽታ ያለው እስኪመስለኝ ድረስ ሰለቸኝ።

ከዚያ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና መጣ። ጋሽ ታደለ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ «ሰው ሊውጥ የሚችለው ዓሣ ነባሪ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሀ፣ ባለ ጥርሱ። ለ፣ ጥርስ አልባው። የፈተና ወረቀቴን አባቴ አንድ ሳይቀር ያነቡታል። «ሀ» ብል እሳቸውን በጽሑፍ መርታት ነው፤ «ለ» ብል አንደኝነቴ ይሄዳል። ቤቴ ያስተማረኝን አደረግኩ፤ ሁለቱንም ከብቤ ከጎኑ ጻፍኩ። «አንድም ባለ ጥርሱ ነው፤ ያገኘውን እንዳለ ይውጣልና። አንድም ጥርስ አልባው ነው፤ ዮናስ ሳይጫር ወጥቷልና።»

ዜሮ። ከሥሩም በቀይ «አንዱን ምረጪ» የሚል። በዚያች ጥያቄ የተነሳ ሁለተኛ ወጣሁ።

አባቴ ወረቀቱን አነበቡት። ከዚያ መቋሚያቸውን አንስተው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። ሊሟገቱልኝ ነው ብዬ ተከተልኳቸው። ጋሽ ታደለ ከወንበሩ ብድግ አለ። አባቴም ተቀመጡና «እስቲ የጉሮሮውን ነገር ራስዎ ይንገሩኝ፣ መምህር» አሉት።

እሱም ጠመኔ አንስቶ ወለሉ ላይ መሳል ጀመረ። ትምህርት ቤቱ ተለቀቀ፣ የጥበቃው ቁልፍ ተንቃጨለ፣ ወለሉ በዓሣ ነባሪ ሞላ፤ የእኔን ስም ያነሳ የለም። በመጨረሻ አልቻልኩም። «ማርቆስ እሄዳለሁ ወይስ አልሄድም?» አልኩ። ሁለቱም አሁን ገና እንዳዩኝ ሁሉ ቀና አሉ። «ትሄጃለሽ እንጂ፤ ማን ከለከለሽ?» አሉ አባቴ። ያን ሁሉ ጊዜ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር እሳቸው ጭራሽ ረስተውታል። ወዲያው ዘወር ብለው «ታዲያ ጥርሱስ፣ መምህር?» አሉ።

ሄድኩ፤ ማርቆስ ተምሬ እዚያው ቀረሁ። እነሱ በየነነዌው ሲከራከሩ አረጁ። ጋሽ ታደለ ባለፈው ዓመት አረፈ። አባቴም ጥርሳቸው አልቆ አጥሚት ነው የሚጠጡት፤ ማስተማሩን ግን አልተዉም።

ዘንድሮ ልጄን ይዤ ስሄድ ከጽዱ ሥር ትንቢተ ዮናስን ሲያስተምሩ ደረስኩ። «አንድም ጥርስ አልባው ነው፤ ሳይጫር ወጥቷልና» አሉ። ከዚያም ቀጠሉ። «አንድም ባለ ጥርሱ ነው፤ እንዳለ ይውጣልና። ይህ የመምህር ታደለ ነው።» ተማሪዎቹ ተቀብለው ደገሙት።

ዜሮ ያገኘሁበት መልስ ነው። ደሜ ፈላ፤ ዓይኔም እንባ ሞላ። ትምህርቱ ሲያበቃ ሄጄ «አባ፣ ይህን ያኔ ቢሉት ምን ነበረበት?» አልኳቸው።

«ያኔማ ራሱ ይለው ነበር» አሉኝ። «አሁን ማን ይበልለት?»