ገበር ያለው ቀዳዳ

ልብስ ሰፊው ሙዚቃ አይጠላም። የሚጠላው ናዳን ነው። ናዳ ማለት ስታዲየም የሚሞላ፣ ከታክሲ እስከ ጥርስ ሐኪም ቤት ቢሸሹት የማያመልጡት የሮክ ባንድ ነው። «ናዳ ተብለው ጠጠር እንኳ አያንከባልሉም» ይላል፣ መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ። የሰፈሩ ሰው ጋሽ ልኩ የሚለው፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ገላምጦ፣ ሜትሩን ሳያነሳ «ልክህን አውቄዋለሁ» ስለሚል ነው። የናዳንማ ልክ ካወቀ ቆይቷል።

ዘፈናቸው ማንንም አይነካም። አለቃ አይነካ፣ ባለሥልጣን አይነካ፣ አማት እንኳ አይነካ። ዘፋኙ ደረቱን እየደቃ «እንነሳ» ይላል፤ ለምን እንደሚነሱ፣ ተነስተውስ ወዴት እንደሚሄዱ ትንፍሽ አይልም። ሕዝቡ ይነሳል፣ ያጨበጭባል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ውሃ ውሃ የሚል ጩኸት ነው ለጋሽ ልኩ።

ይባስ ብሎ ልብሳቸውን የሚያዘጋጅላቸው እሱ ራሱ ነው። የባንዱ ማናጀር አራት ጥቁር የቆዳ ጃኬት ተሸክሞ፣ በስፌት መኪናውና በመተኮሻው ጠረጴዛ መካከል በጎኑ ተሽሎክሉኮ በገባ ቁጥር ትእዛዙ አንድ ነው።

«ትከሻው ላይ ይቀደድልን ጋሼ። ግን ገላ እንዳይታይ። ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ሰው አለ።»

ጋሽ ልኩ በምላጭ ይቀድደዋል፤ ቀዳዳው እንዳይሰፋ ዳር ዳሩን ይዘመዝመዋል፤ ከሥሩ ቀይ ገበር ያደርግበታል። አራቱም ጃኬቶች አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ልክ የተቀደዱ ናቸው። «ሲያምፁ ብርድ እንዳይመታቸው ነው» ብሎ ይስቃል፣ ማናጀሩ ከሄደ በኋላ።

ግን ቢጠየቅ የሚክደው አንድ ነገር አለ። ናዳዎች ገና ማንም ሳያውቃቸው ያወጡት የመጀመሪያ ዘፈን መሐሉ ላይ የዘፋኙ ድምፅ ይሰነጠቃል፤ እነሱም ሳያርሙ እንዳለ ትተውታል። ጋሽ ልኩ ልብስ ሲተኩስ ያንን ዘፈን ያፏጫል። አንድ ቀን ሴት ልጁ ደርሳበት «አባዬ፣ ናዳን ነው የምታፏጨው?» ብትለው «ካውያው ነው» አላት። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ባይችሉ ኖሮ ያዝንላቸው ነበር፤ እየቻሉ መፍራታቸውን ግን ይቅር ሊላቸው አልቻለም።

ልጁ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ከሥራ መልስ ጊታር ትጫወታለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ባንድ መሥርታ፣ ለቅዳሜ አንዲት ትንሽ አዳራሽ አግኝተዋል። ዋናው ዘፈኗ ሠራተኞቹን በር ቆልፎባቸው ስለሚያሠራ አለቃ ነው፤ ስለ ገዛ አለቃዋ። የአዳራሹ ባለቤት ግጥሙን አይቶ፣ «አለቃ» ያለችውን «ሕይወት» ብላ እንድትለውጠው መክሯታል።

«‹ሕይወት በር ቆለፈብኝ›?» ጋሽ ልኩ ሳቁ አመለጠው። «ይሄ ሰውዬ ለናዳ ነው መጻፍ ያለበት። እንዳትሰሚው ልጄ። እንዳለ ዝፈኚው።»

እሷም አባቷን አመነች። የጂንስ ጃኬቷን አምጥታ፣ «ትከሻውን ቅደድልኝ። ቀደህ ተወው፣ እንደነሱ እንዳይሆን» አለችው።

ምላጭ አላነሳም። በሁለት እጁ ይዞ ሸረከተው። አንጀቱ ራሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጃኬቱን ሲተኩስ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ብቅ አለና፣ «የልጅህ አለቃም ይመጣል አሉ፤ የፊት ወንበር ነው የያዘው» ብሎት ሄደ። ጋሽ ልኩ ካውያውን አስቀመጠ። ልጁ ሰኞ ጠዋት ወደዚያ በር እንደምትመለስ አሰበ። ከቀዳዳው ጫፍ አንድ ክር ተንጠልጥሏል። እሱን ብቻ ልያዘው ብሎ ስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠ። እግሩ መርገጫውን አገኘ፤ እጁም የለመደውን ሠራ።

ልጅቷ መጥታ ጃኬቱን አነሳች። ጣቷን በቀዳዳው ብትከት ገበሩ ያዛት። ዳር ዳሩ ተዘምዝሟል። ጨርቁ ከናዳ የተረፈው ቀይ ነው።

«አባዬ፣ ገበር አደረግህበት?»

«ይበርድሻል ብዬ ነው።» እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። «ዘፈኑንም… ለዛሬ ብቻ ‹ሕይወት› ብትይው ምን አለበት? አለቃሽ ይመጣል አሉ።»

ቆማ አየችው። ማናጀሩ ሲወጣ አባቷ የሚስቀውን ሳቅ አሳምራ ታውቀዋለች። ያንኑ ሳቅ ብትስቅበት ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«ናዳዎችም እኮ አባት ይኖራቸዋል» አለች ቀስ ብላ።

ከጠረጴዛው ላይ ምላጩን አንስታ ገበሩን ተርትራ አወጣችው። እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ጃኬቷን ለብሳ ሄደች።

ማታ ጋሽ ልኩ አዳራሹ ውስጥ በስተኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆመ። ከበሮው ይቸኩላል፣ ድምፅ ማጉያው ያቃጭላል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያላግጥበት ነበር። ልጁ ቃሉ ጋ ልትደርስ ስትል ዓይኑን ጨፈነ።

«አለቃ» አለች። ድምፅዋ መሐል ላይ ተሰነጠቀ። ከፊት አንድ ወንበር ሲንኳኳ ተሰማ።

ዓይኑን ሲገልጥ ልጁ ትከሻዋ እንደተራቆተ መዝፈኗን አላቋረጠችም። ቀዩን ገበር ኪሱ ውስጥ ጨብጦ፣ ብርድ የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነበር።