ካለበት ሳይሆን ከሚደርስበት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሦስት የጠላት አውሮፕላን መትቼ ጣልሁ፤ አንድም ሰው አላጨበጨበልኝም።

በቅድሚያ ይህን የጻፍሁት በገዛ ጣቴ መሆኑ ይታወቅልኝ። የማታ ትምህርት ከጨረስሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው፤ ከእንግዲህ በጽሑፌ ብዛት ላስታ አርፎ አይተኛም!

ነገሩ የሆነው ጌም ቤት ነው። እንደኔው ባጃጅ ከሚነዳው ከታደሰ ጋር በአውሮፕላን ውጊያ ጌም ተወራርደን ነበር፤ የተሸነፈ የአሸናፊውን ባጃጅ ሳምንት ሙሉ ያጥባል። "በላሊበላ ሰማይ የሚችለኝ የለም" ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ጥይቴ ግን ሁልጊዜ ከጠላት አውሮፕላን ጭራ ኋላ ይቀራል።

የጌም ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ደሳለኝ ከበሩ ሆነው አዩኝና፣ "አያ ጀግና፣ ሰማዩን ምን በደለህ ብለህ ትበሳዋለህ? አውሮፕላኑ ካለበት ሳይሆን ከሚደርስበት ላይ ተኩስ። ደግሞ አትቸኩል፤ እስኪጠጋህ ጠብቅ" አሉኝ።

"ጋሼ ደግሞ! አብራሪ ነበሩ እንዴ?" ብዬ ሳቅሁ።

እንዳሉኝ ሳደርግ ሦስቱም እየነደዱ ወደቁ። ታደሰ አንገቱን ደፋ።

"ከየት ተማሩት?" አልኋቸው።

"ከታች ሆኜ ነዋ። በጦርነቱ ጊዜ ገበያ ላይ ሳለን አውሮፕላን መጣብን። የሚተኩሰው ካለንበት አልነበረም፤ ከምንሮጥበት ፊት ነበር። እህቴ ሯጭ ነበረች፤ ቀድማኝ ነበር።"

ከዚያ በጣታቸው ወደ ስክሪኑ ጠቆሙ።

"በዚህ በጣልኸው ውስጥ ሰው አለ?" አሉኝ።

"ኧረ የለም ጋሼ፣ ጌም ነው።"

"ያ አብራሪም ከላይ ሲያየን እንዲሁ መስሎት ይሆናል" ብለው ወደ በራቸው ተመለሱ።

ታደሰን ባጃጄን እንዳያጥብ ነግሬዋለሁ።

እናንተስ ከቤታችሁ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ አሁን ማንበብ እችላለሁ።