ወንድሜ ሲያረጅ

መሳለሚያ፣ ከአንድ የብርድ ልብስ ሱቅ በር ላይ፣ በድምፅ ማጉያ አንድ ሽማግሌ "ኑ ልጆቼ፣ ክረምቱ ሳይቀድማችሁ!" እያሉ ይጣራሉ። ቆምኩ። ወንድሜ ነው። ድምፁን አስረጅቶ ማስታወቂያውን የቀዳው እሱ ነው። ካረፈ አምስት ወሩ።

የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በሬዲዮ ድራማ ሽማግሌ ሆኖ ሲሞት አብረን ሰማነው። ጭኑ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። እናታችን ሬዲዮኑን ዘጋችው።

"ሟርተኛ! ለእንጀራ ብለህ ሞትህን ትጠራለህ?"

"እማዬ ደግሞ! ሰማንያ ዓመት ኖሬ እኮ ነው የሞትኩት" ብሎ ሳቀ። "ለዚያ ያብቃህ በይኝ እንጂ።"

እሷ አልሳቀችም። ቀስ ብላ "አሜን" አለች። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ሲሞት ሠላሳ አራት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ባለሱቁ "ምን ልስጥህ?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት። ወንድሜ አርጅቶ ሲናገር ትንሽ ልስማ ብዬ ነው የቆምኩት።