ግማሽ ኪኒን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ግን በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ለእናንተ እጽፈዋለሁ።

ናዝሬት፣ ቀበሌ ሱቅ፣ የስኳር ሰልፍ ላይ ነበርን። ልጄ ብርቄ ከረጢቷን ይዛ ስትስቅ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ! ከረጢቱ ከእጇ ወደቀ። "ብርቄ!" ብላት ምላሷ ተሳሰረ። ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት የገባኝ። እኔ፣ እናቷ፣ ያደረግሁት!

የብርቄ ልብ አመታቱ የተዘበራረቀ ነው። ዶክተሩ "ደም የሚያቀጥን ነው፤ በየቀኑ አንድ ሙሉ ትዋጥ" ብሎ ኪኒን አዞላት ነበር። የሚያቀጥን! የቀጠነ ወጥ እንኳ ለሰው አይቀርብም፣ የልጄን ደም ላቅጥነው? ደግሞ ጎረቤቴ ዘሀራ ከሻሸመኔ ስትመለስ፣ ውጭ አገር ልብ ላይ የሚገጠም ማሽን አለ፣ እሱ ከገባ ኪኒን ቀረ አለችኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ማሽኑ እስኪመጣ ብዬ ኪኒኑን በቢላዋ ለሁለት ከፈልኩት። "እማዬ፣ ግማሽ ነው እኮ" ስትለኝ "ዶክተሩ ቀንሺላት ብሎኛል" አልኳት። ዋሸሁ። ክረምቱን ሙሉ ዋሸሁ።

ከሰልፉ አንስተን ጋሪ ላይ አወጣናት። "አባቴ፣ ግረፈው! ግረፈው!" እያልኩ እጮሃለሁ። ባለጋሪው እየገረፈ፣ "እትዬ፣ ፈረሱም እኮ ልብ አለው!" ይለኛል።

ሆስፒታል ስንደርስ አፏ ተቃንቶ ነበር። ዶክተሩ ደሟን አስመርምሮ ተቆጣት። "አንቺ ልጅ፣ መድኃኒቱን ትተሻል!"

ብርቄ ወደ እኔ አየች። "ረስቼ ነው፣ ዶክተር" አለች።

እኔስ? እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ዝም! ልጄ በእኔ ጥፋት ስትሰደብ ዝም! ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ስለ ማሽኑ ለመጠየቅ ግን አፌ ተከፈተ። ዶክተሩ ሳቀ። "እሱ የዘገየ ልብ ይቀሰቅሳል እንጂ ደም እንዳይረጋ አያደርግም። የሷ ደም ልቧ ውስጥ እንደ እርጎ ይረጋል፤ ቁራጩ ወደ ጭንቅላቷ ይወጣል። ከዚህ የሚያድናት ኪኒኑ ነው። ማቅጠን ያልኩት እንዳይረጋ ነው።"

እርጎ! ቀድሞ እንዲህ ቢለኝ ኖሮ ብዬ ላሳብብ? አላሳብብም። ምላስ ነበረኝ፣ አልጠየቅሁም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቢላዋ ኪኒን ነክቶ አያውቅም። ብርቄ ዛሬ አርሲ ነገሌ ገበያ እህል ትነግዳለች፤ ስትስቅ አፏ ቀጥ ያለ ነው። ልጄ ተርፋለች! ተርፈናል!

ግን ብርቄ የረሳችው ነገር አልነበረም። ቢላዋውን የያዝኩት እኔ ነኝ።