እሸቴ በመጨረሻው ገጽ ላይ የጻፈው

ቆቦ፣ ከከብት ገበያው ፊት ለፊት ባለው ቤቴ መስኮት ላይ ልብ ወለድ አከራይ ነበር። ዘመኑ 1993 ዓ.ም. ነው። አንባቢዎቼ መጽሐፍ ሲመልሱ በመጨረሻው ገጽ ላይ አስተያየታቸውን ይጽፋሉ። ስማቸውን ግን አይጽፉም፤ «ጨረቃ»፣ «ሆደ ባሻው»፣ «የጎብዬዋ» እያሉ ይፈርማሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል። እሸቴ ሞላ አላወቀም።

እሸቴ የጌጤ አጃቢ ነበር። ጌጤ ባሏ ሲሞት የከብት ንግዱን የያዘች የሮቢት ሴት ናት። በገበያ ቀን በሬዎቿን አስነድታ ስትመጣ እሸቴ የሟቹን ምንሽር አንግቶ ይከተላታል። ቀጭን ሰው ነው። ሸራ ጫማው በሲባጎ የታሰረ፣ የኮቱ ሦስተኛ ቁልፍ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፈው ለቀበሌ ማመልከቻ ብቻ ነው።

ያን ሰሞን የሚሻሙበት መጽሐፍ የሀብታም ልጅ የሚጠብቅ አጃቢ የፍቅር ታሪክ ነበር። በመጨረሻው ይጋባሉ። «ጨረቃ» እንባዬ አላቆመም ብላ ጽፋበታለች። «ሆደ ባሻው» ደግሞ ደራሲው በሕይወቱ አጃቢ አይቶ አያውቅም ብሏል። እሸቴ ጌጤ ከደላሎች ጋር ስትከራከር ከመስኮቴ ስር ቆሞ በጣቱ እየተከተለ አንብቦ ለመጨረስ አራት ገበያ ፈጀበት። ከዚያ ብዕር ለመነኝ። ሰጠሁት።

«ለሚመለከተው ሁሉ። ጉዳዩ፦ ስለ መጽሐፉ አስተያየት መስጠትን ይመለከታል። ከላይ እንደተገለጸው፣ በመጽሐፉ ያለው አጃቢ ከልጅቱ ጎን ለጎን ይሄዳል። ይህ ስሕተት ነው። እኔ ወይዘሮ ጌጤን ዘጠኝ ዓመት ሳጅብ ከኋላ አራት እርምጃ ነኝ። ከፊቷ ይልቅ የነጠላዋን ጥለት አውቀዋለሁ። ጥይት ቢመጣ ለእኔ ይሁን እላለሁ። እሷ ይህን አታውቅም። ከሰላምታ ጋር፣ እሸቴ ሞላ።» ፈረመበት፤ ቀንም ጻፈ።

በሳምንቱ ገጹ ሞላ።

«አቶ እሸቴ፣ ማመልከቻዎ ደርሶናል። ለጊዜው ክፍት የሥራ ቦታ የለም።»

«አራት እርምጃ ከኋላ? ጅራት ነሃ!»

እሸቴ ይህን ሲያነብ ጆሮው ቀላ።

«እትዬ ታንጉት፣ ጌጤ ሳትሰማ ይቺን ገጽ ቅደጅልኝ። ከሰማች አታቆየኝም።»

«ከጀርባዋ እኮ የታሪኩ መጨረሻ አለ።»

«መጨረሻውን እኔ አውቀዋለሁ። የጠየቀሽን ሰው ወደ እኔ ላኪው፤ በቃሌ እነግረዋለሁ።»

አልቀደድኩም። በሊጥ ወረቀት ለጥፌ መሸፈን እችል ነበር፤ ያኔም አስቤዋለሁ። ግን ሰው መጽሐፉን የሚጠይቀኝ ለዚያ ገጽ ሲል ነበርና ተውኩት።

በማግስቱ በረከት የሚባል የቢሮ ጸሐፊ ተከራየው። በገበያው ቀን ከከብቶቹ መሀል ቆሞ የእሸቴን ጽሑፍ ለጌጤ ጮክ ብሎ አነበበላት። ደላሎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሸቴ ከኋላዋ፣ እንደ ልማዱ ቆሟል። እሷ አልዞረችም። መጽሐፉን ከበረከት ተቀብላ ቀጥ ብላ ወደ መስኮቴ መጣች።

«አንቺ ታንጉት፣ እኔ ፊደል አላውቅም። አስተያየቴን ጻፊልኝ።»

«ጌጤ፣ ተይው እህቴ፣ ሰው እኮ…»

«ጻፊ! ‹እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሬ ስነዳ ኖሬአለሁ። አንዱም በሬ እንዲህ ብሎ አልጻፈልኝም።›»

በገጹ ጠርዝ ላይ ጻፍኩ።

«በይ አንብቢለት።»

«እሱ ማንበብ ይችላል።»

«ደላሎቹም ይስሙ።»

ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። አልተሰማም ብላ ሁለተኛ አስነበበችኝ። እሸቴ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«ምንሽሬን» አለችው።

ጥይቶቹን አወጣ፤ በኮቱ ጫፍ ጠረጋቸው። ምንሽሩን ከጥይቶቹ ጋር በሁለት እጁ አቀረበላት። እዚያው ላይ ለከብት ነጂዋ ለበድረዲን አሸከመችው።

በሚቀጥለው ገበያ ጌጤና በድረዲን ጎን ለጎን እያወሩ ሲመጡ በመስኮቴ አየሁ። ከኋላቸው እሸቴ ባዶ እጁን ይከተላል። ከሮቢት ጀምሮ እንዲሁ መጥቷል አሉ። ደላሎቹ በየእርምጃው «ግራ ቀኝ! ግራ ቀኝ!» ይሉለታል።

ጌጤ ቆመች። ፊቷን ሳታዞር «በድረዲን፣ ያን ሰውዬ መልስልኝ» አለች።

በድረዲን ምንሽሩን ከትከሻው አውርዶ ደረቱ ላይ ደገነበት። በድረዲን መሣሪያ አልለመደም፤ ጣቱ ምላጩ ላይ ነበር። እሸቴ አፈሙዙን አየ፤ ቀጥሎ ጌጤን አየ። ዞር ትላለች ብሎ ይመስለኛል ትንሽ ቆየ። አልዞረችም። ስለ አንድ ቀይ በሬ ዋጋ መጠየቅ ጀምራ ነበር።

ያኔ እሸቴ የሮቢትን መንገድ ይዞ ተመለሰ።