በመዳፍ የተመዘነ ዳቦ

ሰፈሩ ሰውዬውን የሚጠራው «ሚዛን» እያለ ነው። ስሙን ያወጡለት ዳቦ ጋጋሪዎች ናቸው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም አልለቀቀውም። ሃያ ሁለት ዓመት የዋጋ ተቆጣጣሪ ነበር። ጠዋት ጠዋት ትንሿን ሚዛን በቆዳ ቦርሳው ይዞ ከዳቦ ቤት ዳቦ ቤት ይዞራል፤ ከመደርደሪያ ላይ አምስት ዳቦ ያነሳል፣ ይመዝናል፣ ይጽፋል። ኋላ ኋላማ ሚዛኗም ለወጉ ያህል ሆነች። ዳቦውን በመዳፉ ከፍ ዝቅ ያደርግና «ዘጠና ሁለት» ይላል። ሲመዘን ዘጠና ሁለት ግራም፣ ቢበዛ ዘጠና ሦስት ይሆናል። በዚህ ችሎታው ይኩራራ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ ሰው በሆነ ነገር መኩራራቱ አይቀርም።

ሕጉ አጭር ነው፤ አንድ ዳቦ መቶ ግራም፣ ዋጋውም የተቆረጠ። ድሃው በርካሽ እንዲበላ ታስቦ የወጣ ነው፤ ሚዛንም ከልቡ ያምንበት ነበር። እናቱ እሱንና ታናሽ ወንድሙን ያሳደገቻቸው የሰው ልብስ እያጠበች ነው። ዳቦ በተወደደ ቁጥር የእሷ ድርሻ ሲያንስ እያየ ስላደገ፣ ዋጋ ጨመረ የሚባል ነጋዴ ሲያይ ደሙ ይፈላ ነበር። መከራው ወንድሙ ዳቦ ጋጋሪ መሆኑ ነው።

ዱቄት ተወደደ፤ የዳቦው ዋጋ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ጋጋሪዎቹ መጀመሪያ ዳቦውን አሳነሱት፤ ሚዛን ቀጣቸው። ቀጥለው የወረደ ዱቄት ቀላቀሉበት፤ በዚህም ቀጣቸው። በኋላ አንድ በአንድ መዝጋት ጀመሩ። የዘጋን ሰው ደግሞ በምን ይቀጡታል? በመጨረሻ በሰፈሩ የቀረው የወንድሙ ዳቦ ቤት ብቻ ሆነ።

አንድ ጠዋት ወንድሙ እጁ ዱቄት እንደሆነ በር ላይ ጠበቀው።

«ጋሼ፣ ቦርሳህን ከመክፈትህ በፊት ይቺን እይልኝ» አለና የዱቄት ደረሰኝ አሳየው። «በዚህ ገዝቼ በቆረጣችሁት ዋጋ ስሸጥ ከኪሴ ነው የምጨምረው። ወይ ዳቦው ይነስ፣ ወይ ዋጋው ይጨመር፣ ወይ ልዝጋ። ሌላ ምን መንገድ አለ?»

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«አላወጣኸውም። ለአለቆችህ የምትጽፈው ግን አንተ ነህ። የዱቄት ዋጋ እዚህ ደርሷል፣ ዳቦ ቤቶች እየዘጉ ነው ብለህ ያየኸውን ጻፍላቸው። በሞቴ፣ ሌላ ምንም አልጠየቅኩህም።»

እውነቱን ነው። በየዳቦ ቤቱ የሚሞላው ቅጽ ከታች «አስተያየት» የሚል ሰፊ ቦታ ነበረው፤ ሚዛን በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቃል አልጻፈበትም። ያን ዕለትም ለወንድሙ አደላ እንዳይባል ፈራና ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከመደርደሪያው አንድ ዳቦ አንስቶ በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረገና «ሰማንያ አራት» አለ። ቅጣቱን ጻፈ፤ አስተያየቱን ባዶ ተወው። መሥሪያ ቤት ሲመለስ አለቃው «ለሥጋ ዘመዱ እንኳ የማያዳላ!» ብሎ በሰው ፊት ሲያሞግሰው ልቡ ቅቤ ጠጣ። ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረው ያ ደስታው ነው።

ዳቦ ቤቱ በወሩ ተዘጋ። ምድጃው ተነቃቅሎ ለብረት ገዢ ተሸጠ፤ ወንድሙም የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚገናኙት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው።

ሚዛን ጡረታ ሲወጣ ዳቦ የመግዛቱ ሥራ በእሱ ላይ ወደቀ። ከሰፈሩ ራቅ ብሎ የቀረው አንድ ትልቅ ዳቦ ቤት ሲሆን ሰልፉ መንገዱን ይዞራል። አንድ ቀን ከፊቱ የቆመች ሴት፣ እጇ በሳሙና የተላጠ፣ ወደ እሱ ዞር አለች።

«ዳቦውማ ርካሽ ነው አባባ። የተወደደብኝ እዚህ የማጠፋው ጠዋት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ባጥብበት ኖሮ ስንት ዳቦ ይገዛልኝ ነበር?»

ያ ሁሉ ዓመት አሳንሻለሁ ሲል የኖረውን ዋጋ፣ ለካ ከዳቦ ቤቱ ባንኮኒ አንስቶ እናቱን በመሰለች ሴት ጫንቃ ላይ ነው ያስቀመጠው። ግራሙን ሁሉ መዝኗል፤ የቆመ ሰው ሰዓት ግን መዝኖ አያውቅም። ዱቄት እንደተወደደ የሚነግረው ዋጋው ራሱ ነበር፤ እሱ ግን ዝም ሲያሰኘው ኖረ። ተራው ሳይደርስ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ።

መንገዱን ሙሉ «በድዬሃለሁ፣ ያን ቀን መጻፍ ነበረብኝ» የሚለውን ሲለማመድ ነበር። ወንድሙ በሩን ከፍቶ አየውና «ግባ ጋሼ» አለው። ቂም ያለበት ድምፅ አልነበረም፤ ያ ደግሞ ባሰበት። ቤቱ ጠባብ ነው። ጥጉ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለች፤ ቤቱን የሞላው ሽታ ያኔ የሚያውቀው የወንድሙ ዳቦ ሽታ ነው።

«ለራሴ ነው የምጋግረው። እጄ እንዳይረሳ» አለ ወንድሙ፤ ትኩስ ዳቦ በሳህን አቀረበለት። «ብላ እንጂ።»

ሚዛን ዳቦውን አነሳ። ንግግሩ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ያን ጊዜ እጁ ሳያዘው ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ፤ ደግሞ ከፍ አለ።

ወንድሙ መዳፉን ያያል።

«ስንት ሆነ?» አለው በቀስታ።

መቶ ሠላሳ ነበር። ሚዛን ዳቦውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ፤ ያን ሁሉ መንገድ ሲለማመደው ከመጣው ንግግር አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም።